ድንጋይ የሚያዳምጠው ይመር

ይመር መሞቱን የሰማሁት ጁምዓ ሰግጄ ወጥቼ ጫማዬን ስፈልግ ነው። እኔ ጫማዬን ሳልፈልግ ከመስጊድ ወጥቼ አላውቅም። ሰባ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፤ እስካሁን አንድም ዕቃ ያስቀመጥኩበት ቦታ አግኝቼው አላውቅም። ሚስቴ “አንተ ራስህን የሆነ ቦታ ረስተህ የመጣህ ነው የሚመስለኝ” ትለኛለች። በአንድ እግሬ ቆሜ ስልኬን ከፈትኩ። የእኛ የወሎዬዎች ግሩፕ ላይ እንዲህ ይላል፦ “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ወንድማችን ይመር ኮምቦልቻ ላይ ወደ አኼራ ሄዷል። ከዐስር ሶላት በኋላ ደማም፣ ጀማል ቤት ለዱዓ እንገናኝ።”

ልጄ ኾበር ካለው ሰፈራችን ከአል ሒዛም አል-አኽደር ደማም ድረስ በመኪናው አደረሰኝ። ጀማል እኔና ይመር የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ በምንሠራበት ወርሻ አለቃችን የነበረ፣ የኛው አገር ሰው ነው። ዐሥራ ሁለት እንሆናለን። ዱዓው ተደረገ፤ ቴምር ዞረ፤ ሻይ ተቀዳ። ከዚያ ጀማል ሶፋው ላይ ተመቻችቶ፣

“አላህ ይዘንለት፣ ደግ ሰው ነበር” አለ። “ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ነገር ነበረችበት እንጂ።”

ይህን ብሎ የሻይ ብርጭቆውን አነሳ። ዓይኑን ጨፈነና በማንኪያ ኳ አደረገው፤ ጆሮው ላይም ለጠፈው። “ያ ጀመዓ፣ ይሄ ብርጭቆ ታሟል፤ አትጠጡበት!” አለ በይመር ድምፅ።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ይኸው ጻፍኩት። ሌላው ቢስቅ አይገርመኝም፤ ግማሾቹ ይመርን አያውቁትም። እኔ ግን ስድሳ ስምንት ዓመት ቀልድ ሲሰማ ብቻውን እየተከፈተ የኖረ አፍ ነው ያለኝ፤ ከጭንቅላቴ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። ወደ ኾበር ስንመለስ መኪና ውስጥ ንዴቱ እንደ ቃር ከሆዴ ወጣ። በጀማል ተናደድኩ። በሳቂዎቹ ተናደድኩ። ልጄ “አባ ምን ሆንክ?” ሲለኝ በሱም ጮህኩበት። በማን መናደድ እንዳለብኝ ግን ከመጀመሪያውም አውቀው ነበር። ሰውዬው ቀበቶ አስሮ፣ ከልጄ ጎን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ይመርን ጀማል በብርጭቆ እንዳሳያችሁ እንዳይቀር፣ እኔ እንደማውቀው ልንገራችሁ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙ ሳስ ያለ ሰው ነበር። ወሬ አይወድም። ከእኔ ጋር ስምንት ዓመት አንድ ወርሻ ውስጥ እንዴት እንደኖረ አላህ ነው የሚያውቀው። የሱ ቦታ ሞላው ጋ ነበር፤ ሞላ ማለት በሞተር እየተሽከረከረ ብረት የሚሞርደው ክብ ድንጋይ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ወፍጮ ይመስላል። ግን ይህ ወፍጮ ከተሰነጠቀ ቁራጩ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው።

አዲስ ድንጋይ ሲመጣ ይመር ወዲያው አያስረውም። መጀመሪያ ላዩ ላይ የተጻፈውን፣ በደቂቃ የሚችለውን ዙር ያነባል፤ ከማሽኑ ዙር ያነሰ ከሆነ ወደ ካርቶኑ ይመልሰዋል። ከዚያ ጣቱን በመሐሉ ቀዳዳ አስገብቶ ያንጠለጥለዋል። በካቻቢቴው የእንጨት እጀታ ቀስ አድርጎ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ኳ፣ ኳ ያደርጋል፤ ዞር አድርጎ እንደገና። ጆሮውን ያስጠጋል። ጤነኛ ድንጋይ “ኪንንን” ይላል፤ ድምፁ ጠርቶ ትንሽ ይቆያል። ውስጡ የተሰነጠቀ “ጥፍ” ብሎ እዚያው ይሞታል። ስንጥቁን ዓይን አያየውም። እኔ መነጽሬን ደርቤ አይቼ አላየሁትም፤ እርግጥ እኔ መነጽሬንም የማየው ካገኘሁት ነው።

ካሰረው በኋላ ማሽኑን ያበራና ዞር ብሎ በጎን ይቆማል። እንደ ሰው ሰዓት አያይም። ቁልሁወላሁ አሐድን ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቀራል። ሦስተኛው ሲያልቅ ድንጋዩ ካልፈነዳ መጥቶ ሥራ ይጀምራል። “ደቂቃ የሚሞላ ነገር ነው” ይለኝ ነበር፤ “ሰዓት ባይ እቸኩላለሁ። ቁርኣን ላይ መቸኮል ነውር ነው።”

እንግዲህ ይህን ከሩቅ የሚያይ ሰው ምን ይበል? አንድ ረጅም ሰውዬ ድንጋይ ይዞ ያንኳኳል፤ ያዳምጣል፤ ከዚያ ግድግዳ ተጠግቶ ያነበንባል። “ይመር ድንጋዩን ጋኔን እንደያዘው ሰው ቁርኣን እየቀራበት፣ ሩቅያ እያደረገለት ነው” ያልኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው እኔ! ወርሻው በሳቅ ፈረሰ። ጀማልም ቃሉን ከዚያ ነው ያነሳው።

ብረቱን በምናስደግፍበት መደገፊያና በድንጋዩ መሐል ያለውን ክፍተት የሚለካው በአንድ ሪያል ሳንቲም ነበር። ሳንቲሙ ብቻ ማለፍ አለበት። ክፍተቱ ሰፋ ካለ መደገፊያውን ፈትቶ ያስጠጋል። “ክፍተት ካገኘ ብረቱን ይጎትተዋል፤ ከብረቱ ጋር ጣትህን” ይላል። አሉሚኒየም ይዤ ከመጣሁ ያባርረኛል፤ ድንጋዩን ይደፍነዋል። በድንጋዩ ጎን ልሞርድ ከሞከርኩ በካቻቢቴው እጄን ይመታኛል። የአንገት ፎጣዬንም በቀን አምስት ጊዜ ያስፈታኝ ነበር።

“አንተ እንድሪስ፣ በዚህ ፎጣ ልትታነቅ ነው እንዴ የመጣኸው?”

“ቆንጆ ስለሚያደርገኝ ነው።”

“ሬሳ ስትሆን ማን ያይሃል!”

“ፈሪ” ይሉት ነበር። አንድ ቀን እኔም አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝና፣ “ድንጋዩን እኮ አልፈራም፤ የቸኮለ ሰው ነው የምፈራው” አለኝ።

አንድ ቀን ይመር ዙሁር ሊሰግድ ወጣ። ጀማል ቸኩሎ አዲስ ድንጋይ በራሱ እጅ አሰረ፤ አልነካካውም፣ አላዳመጠውም። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ ለብየዳው ሰውዬ ስለ አማቴ እያወራሁ ነበር። ጀማል ማብሪያውን ሲጫን ይመር በበሩ ገባ። አልጮኸም። ቀበቶዬን ከኋላ ይዞ ሳበኝ፤ እንዲህ ነው የምላችሁ፣ ሱሪዬ ከእኔ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ሁለታችንም ወለል ላይ ተዘርረን ገና ልሰድበው አፌን ስከፍት ድንጋዩ ፈነዳ። ቁራጩ እኔ የቆምኩበትን አየር አቋርጦ ከኋላ ያለውን የቆርቆሮ ግድግዳ በስቶ ወጣ። ቀዳዳው የሰሐን ያህላል። አማቴን ሳማ ግንባሬ የነበረው እዚያ ላይ ነው።

ጀማል ላቡን ጠርጎ፣ “ቀደር ነው። አላህ አተረፈን፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሉ ወደ ሥራ” አለ።

ይመር ከወለሉ ሳይነሳ፣ “ቀደር አላህ የወሰነው ነው። ይሄን ያሰርከው አንተ ነህ” አለው።

ጀማል ይህችን ቃል አልረሳትም። ቀዳዳውን በማግሥቱ በቆርቆሮ አስደፈነው፤ ቃሏን ግን አልደፈናትም።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልምጣ። እስከዚህ ድረስ በወሬ ያጓተትኳችሁ ወደሱ ላለመምጣት መሆኑን አላጣችሁትም።

አል ዐዚዚያ ሰፈር ላለ አንድ ትልቅ ግቢ በር እየሠራን ነበር፤ ሐሙስ ማስረከብ አለብን። ማክሰኞ ጠዋት ዐሥር ድንጋይ የያዘ ካርቶን በጭነት መኪና መጣ። አውርድ የተባልኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑን አቅፌ ለሹፌሩ ቀልድ ልጨርስለት ዞር አልኩ፤ ቀልዱ ሳያልቅ ካርቶኑ ከእጄ ሾልኮ ከወገቤ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። ግው! ሹፌሩ “ማፊ ሙሽኪላ፣ ድንጋይ ነው” ብሎኝ ሄደ። ከፍቼ አየሁ። አንድም የተሰበረ የለም። ከሹፌሩ በቀር ማንም አላየኝም። ካርቶኑን መልሼ ለጥፌ፣ አቧራውን በፎጣዬ ጠርጌ፣ ይመር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ምንም አልተናገርኩም።

ይመር አንዱን አውጥቶ ኳ አደረገው። ጥፍ። ቀና ብሎ ድንጋዩን አየው። ሁለተኛውን ኳ። ጥፍ። ሦስተኛው “ኪንንን” ሲል እኔ ነበርኩ በረጅሙ የተነፈስኩት። ሲጨርስ ሰባቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ለብቻ ደረደራቸው።

ጀማል መጣ። “ምንድን ነው ይሄ?”

“ሞተዋል። ሰባቱ አይታሰሩም።”

“አዲስ ናቸው እኮ! የታለ ስንጥቁ? አሳየኝ!”

“አይታይም። ና አዳምጥ።”

“እኔ ድንጋይ አላዳምጥም፣ ሰውዬ! ሐሙስ በሩን አስረክባለሁ። ማሽኖቹ ስድስት ድንጋይ ይፈልጋሉ፤ አንተ ሦስት ሰጠኸኝ።” ወደ እኔ ዞረ። “እንድሪስ፣ ከነዚያ ሦስቱን ውሰድና እሰር።”

ቁልፉን አነሳሁ። ወላሂ አነሳሁት! ካርቶኑ መውደቁን የማውቀው ሰው፣ ግንባሬን ያተረፈልኝ ሰው ፊት፣ ቁልፍ ይዤ ወደ ድንጋዮቹ ሄድኩ። ይመር ግን ቀደመኝ። መዶሻ አንስቶ ሰባቱንም ተራ በተራ፣ ሳይቸኩል፣ ለሁለት ለሁለት ከፈላቸው።

ከሰዓት በኋላ ካፊላችን፣ ያስመጣን የወርሻው ባለቤት፣ መጣ። ለፍትሑ ያህል ልናገር፤ ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ሁላችንንም አሰልፎ፣ “ካርቶኑን የጣለ ሰው አለ?” አለ በዐረብኛ።

ዝም።

“ከወደቀ ይመር ልክ ነው። ካልወደቀ ዕቃዬን ሰበረ። ወድቋል?”

እኔ ጣሪያው ላይ ያለውን አየር ማቀዝቀዣ እያየሁ ነበር። አራት ልጆቼ በኔ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በኢቃማዬ ነው እዚህ የሚኖሩት፣ የሚማሩት። እኔ ከተባረርኩ ከነሚስቴ ስድስት ሰው ከነሻንጣው ነው የሚነሳው አልኩ ለራሴ። እውነት ነው። ግን እንዲህ ማሰብ የጀመርኩት ዝም ካልኩ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ የመጣው ዝምታው ነው።

ጀማል፣ “ሰይዲ፣ ማንም አልጣለውም። ሰውየው መጅኑን፣ እብድ ነው” አለ። “ድንጋይ ላይ ቁርኣን ይቀራል። ድንጋዩ መለሰልኝ ይላል። ሁሉንም ጠይቅ።”

የካፊሉ ፊት ተለወጠ። ድንጋይ ይዞ የሚያነበንብ ሰው፣ በዚህ አገር፣ የሚቀለድበት ነገር አይደለም፤ ሲሕር፣ ድግምት ብለው ካሰቡት ወሬው ብዙ ያስኬዳል። ይመርን አሁን እንደ ዕቃ ሰባሪ ሳይሆን እንደ ጋኔን አየው። “ኸላስ። ኹሩጅ” አለ። የመጨረሻ መውጫ ወረቀቱ ሳምንት አልፈጀም። ሩቅያ የሚለው ቀልድ የማን እንደነበር አትርሱት።

በመሄጃው ጠዋት ልሰናበተው ክፍሉ ሄድኩ። ሻንጣውን በገመድ እያሰረ ነው። ቀና ሳይል፣

“እንድሪስ፣ ያ ካርቶን ወድቆ ነበር?” አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ጀማል የለም፤ ካፊል የለም፤ ኢቃማዬን የሚነካው የለም። አንድ “አዎ” ብቻ ነው። እኔ ምን አልኩ?

“የወደቅሁስ እኔ ነኝ፤ ያውም በልጅነቴ፣ በጭንቅላቴ” አልኩት።

ይመር ሳቀልኝ። ከልቡ ነው የሳቀው። ሻንጣውን አነሳና ወጣ።

ስድስት ዓመት ሆነ። በየዒዱ እንደዋወል ነበር፤ ስለ ካርቶኑ ዳግም አልጠየቀኝም። ወሬው ግን ከሱ ቀድሞ አገር ገብቷል፤ “ሳዑዲ ድንጋይ ሲያናግር አብዶ ተመለሰ” ተባለ። ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ ወርሻ ሁሉ መለሰው። ያ እጅ፣ ያ ጆሮ፣ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነው የሞተው። ልጁ ሐያት ለቅሶ ላይም “እብዱ ይመር” ሲሉ እንደሰማች ግሩፑ ላይ ከጻፈችው አየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ፈልጌ ደወልኩላት። አባቷን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

“ሐያት፣ እንድሪስ ነኝ፣ ከኾበር። አላህ ሶብር ይስጥሽ ልጄ።”

“አሚን ጋሼ። አባባ ስለ እርስዎ ያወራ ነበር። ያስቀኛል ይል ነበር።”

ይህን ስትል ልዘጋው ነበር። አልዘጋሁትም። ካርቶኑን ነገርኳት፤ መኪናውን፣ ሲሚንቶውን፣ ካፊሉን፣ ጣሪያውን ማየቴን፣ ሻንጣ ሲያስር የመለስኩለትን። ስጨርስ፣

“ይኸው ነው ልጄ” አልኳት።

“ስድስት ዓመት ስልክ አልነበረዎትም ጋሼ?” አለችኝ።

“ነበረኝ።”

“እናቴን ጠበል ውሰጂው፣ ሸኽ ጋ ውሰጂው እያሉ ሲመክሯት ነው የኖሩት። እሱ እኮ ሲበዛበት ‘ምናልባት ጆሮዬ ተሳስቶ ይሆናል’ ማለት ጀምሮ ነበር። ያውቃሉ ይሄን?”

አላውቅም ነበር። “አፉ በይኝ ልጄ” አልኳት።

“ይቅርታው የአባቴ ነበር፤ እኔ የምሰጥዎ አይደለም። ዛሬ የለቅሶ ድንኳኑ የመጨረሻ ቀን ነው። ከዙሁር በኋላ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። በድምፅ ቀድተው ይላኩልኝ፤ በማጉያው ላይ አስከፍተዋለሁ።”

በረንዳ ላይ ወጥቼ ቀዳሁ። አምስት ደቂቃ ሆነ። ላክሁላት። ትንሽ ቆይታ መለሰችልኝ፦

“ጋሼ፣ ሰምቼዋለሁ። ሰው ይስቃል። ስለ አማትዎ አለበት፣ ስለ ሱሪዎ አለበት። አባቴ ላይ በቂ ተስቋል። ቀልዱን ያውጡትና እንደገና ይላኩልኝ።”

በዕድሜዬ እንዲህ የከበደኝ ሥራ የለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አፌ ወደዚያው ወሰደኝ። በአራተኛው ቆምኩና እንዲህ አልኩ፦

“እንድሪስ ነኝ፣ ከይመር ጋር ስምንት ዓመት የሠራሁ። ይመር እብድ አልነበረም። የሞላ ድንጋይ ከመታሰሩ በፊት ተንኳኩቶ ይደመጣል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሰባቱ ድንጋዮች ተሰንጥቀው ነበር። ካርቶኑን የጣልኩት እኔ ነኝ። ስጠየቅ ዝም አልኩ። ጆሮው አልተሳሳተም።”

ለሐያት ላክሁት። የወሎዬዎች ግሩፕ ላይም ለጠፍኩት። ጀማል ወዲያው ደወለ።

“አንተ ሽማግሌ፣ ምን ነካህ? የሞተ ሰው ጉዳይ ምን ያስቆፍርሃል?”

“ብርጭቆ ይዘህ የቆፈርከው አንተ ነህ።”

“ቀልድ እኮ ነው!”

“አውቃለሁ። መጀመሪያ የቀለድኩት እኔ ነኝ” ብዬ ዘጋሁበት።

ከዙሁር በኋላ ሐያት ከድንኳኑ የቀዳችውን አጭር ድምፅ ላከችልኝ። የኔ ድምፅ በማጉያው ሲያልቅ ይሰማል። ከዚያ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንዲት ሴት “ያ ረቢ” ትላለች። ቀጥሎ ከማጉያው ራቅ ያለ የወንድ ድምፅ መጣ፤ ሸምገል ያለ ሰው ነው።

“ሁለት ጊዜ መጥቶ ሥራ ጠይቆኛል። ሞላ አለህ ወይ፣ በሞላ ልሥራልህ አለኝ። ድንጋይ ያናግራል ብለውኝ መለስኩት። የኔ ልጅ ዓይኑን ያጣው እኮ በዚያው ዓመት ነው፤ ድንጋይ ፈንድቶበት።”

ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ለጀማል ላክሁለት። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።